ከዶስ ወደ ዊንዶውስ ስንሻገር የቀረች አንዲት መስመር

ባለፈው ቅዳሜ አዲሱን መነጽሬን ልቀበል ሄጄ፣ ደብረ ብርሃን ካለው መነጽር ቤት ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተራዬን እየጠበቅሁ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠች ነጠላ የተከናነበች ሴት የወረፋ ቁጥሯን ከዓይኗ ስታርቅና ስታቀርብ ቆየችና ወደ እኔ ዘወር ብላ «መምህር፣ አንተም ማንበብ አቃተህ?» አለችኝ። ያወቅኋት በድምጿ ነው። ፊቷንማ ያለ መነጽር ከአንድ ክንድ በላይ የማላይ ሰው በምን አውቀዋለሁ! ጥሩወርቅ ናት። ካየኋት ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ምን ቀረው። ከአረርቲ ድረስ የመጣችው ለዓይኗ ነው። ሰው ይህን ያህል ዘመን ተለያይቶ ሲገናኝ ስለ ልጅ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ሞተና ስለ ቀረ ሰው ይጠያየቃል። እሷ ግን «ያ ፕሮግራምህ አሁንም ይሠራል?» አለችኝ። እኔም እንደ ልማዴ የተጠየቅሁትን ብቻ መለስኩ። «ይሠራል። አሁን ደግሞ ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ እያሻገርኩት ነው።» ሳቀች። «አይ አንተ! ማሻገር አይሰለችህም?»

ለማያውቅ ላስረዳ። የኮምፒዩተር ፕሮግራም ከአንድ ሥርዓት ወደ ሌላ ሲሻገር እንደ ጆንያ ተጭኖ አይሄድም። ከአሊዩ አምባ ቆላ የተነቀለ ችግኝ አንኮበር ላይ ወስዶ እንደ መትከል ነው፤ አፈሩም ውሃውም ሌላ ነውና ያለቀ የመሰለው ሥራ ከሥሩ ይጀመራል። እኔ በሕይወቴ የጻፍኩት ፕሮግራም አንድ ብቻ ነው፤ ያንኑ ሁለት ጊዜ አሻግሬዋለሁ። ባለቤቴ «ሦስት ልጅ ስናሳድግ እንኳ ይህን ያህል አልተጨነቅህም» ትላለች፤ አትዋሽም።

ያኔ ደብረ ብርሃን ዛሬ እንደምናያት ፋብሪካ በፋብሪካ አልነበረችም። ስሟ ከተነሣ የሚነሣው ብርድ ልብሷና ብርዷ ነበር። እኔ ቀን ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ከትምህርት ቤት መልስ ደግሞ ከመናኸሪያው ወደ ላይ ሲወጣ በስተቀኝ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል እሠራለሁ። በሯ ላይ «ጽሕፈት፣ ማባዣና የኮምፒዩተር ሥራ» ተብሎ በቀይ ቀለም ተጽፎ ነበር፤ ኪራይዋ በወር ስልሳ ብር። ከጎናችን ካሴት ቤት ነበር። አንድ ዘፈን ከተወደደ ከጠዋት እስከ ማታ ያንኑ ሲያዞሩት ይውሉና ክሩ ይላላል፤ እኛም ዘፋኙ በየቀኑ ድምፁ እየወፈረ ሲሄድ እየሰማን እንሥቃለን። ሻይ ሃምሳ ሳንቲም ነበር። አንዲት ዲስኬት አሥር ብር፣ ማለትም የአንድ ደህና ዶሮ ዋጋ ነበረች። የዛሬውን የዶሮ ዋጋ አልናገርም፤ ዲስኬት የሚባል ነገር መኖሩንም ልጆቼ አያምኑኝም። አመዳይ በወረደበት ማለዳ ኮምፒዩተሩ አልነሣም ይል ስለነበር ማታ ማታ በብርድ ልብስ ጠቅልለነው እንሄዳለን። ጥሩወርቅ በታይፕ ሠልጥና ከእኔ ጋር የተቀጠረች ጸሐፊ ነበረች። አረንጓዴ ሹራብና ጥቁር ሽንሽን ቀሚስ ትለብሳለች፤ እጇ ላይ ደግሞ ጫፍ ጫፉን ራሷ በመቀስ የቆረጠችው የሱፍ ጓንት አለ። ከጓንቱ የሚወጡት ጣቶቿ ብቻ ናቸው። አሁን መነጽር ቤቱ ደጃፍ ላይ ስታወራኝ ያየሁት እነዚያኑ ጣቶች ነው፤ አርጅተዋል።

የፕሮግራሙ ባለቤት እኔ ልባል እንጂ አሳቡ የመሪጌታ ጥበቡ ነው። መሪጌታ አንኮበር ውስጥ ባለ አንድ ደብር የሚያገለግሉ፣ የአካባቢውን ሰው ዘር ከነግንዱ የሚቆጥሩ ሽማግሌ ነበሩ። በእኛ አገር ሰባት ቤት ሳይቆጠር አይጋቡም። ወንዱና ሴቷ በእናትም በአባትም ወደ ላይ ይቆጠሩና፣ አንድ አያት ላይ ከተገናኙ ከዚያ አያት እስከ እነሱ ስንት ቤት እንዳለ ይታያል። ሰባት ካልሞላ ዘመድ ናቸው፤ ነገሩ በዚያው ያበቃል። ስለዚህ ከአንኮበሯ ጎረቤላም ሆነ ከታች ከገደሉ ሥር ልጁን ሊድር የፈለገ ሁሉ አስቀድሞ መሪጌታ ቤት ይሄዳል። እሳቸውም አራት ወፍራም ደብተር ነበራቸው፤ የቀረው በቃላቸው ነው። አንድ ቀን የገዛ ቅድመ አያታቸው ስም ሦስት ቀን ሙሉ ጠፋባቸውና ደንግጠው በአውቶቡስ እኔ ዘንድ መጡ። «አየህ ልጄ፣ እኔ ስሞት አገር ከእህቱ ጋር ሊጋባ ነው» አሉኝ። እኔ የሳቅሁት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ያሰብኩት ዝምድናን መቁጠር ለኮምፒዩተር እንዴት የሚመች ሒሳብ እንደሆነ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያውን ከዊንዶውስ በፊት በነበረው ሥርዓት፣ በዶስ ጻፍኩት። የኮምፒዩተሩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ አረንጓዴ ፊደል ነው፤ ፊደሎቹንም አንድ በአንድ ነጠብጣብ እየደረደርኩ የሠራኋቸው ራሴ ነበርኩ። ከመሪጌታ ደብተሮችና ቃል የተገለበጠው እያንዳንዱ ሰው አንድ መስመር አለው፤ ስሙ፣ አባቱ፣ እናቱ፣ አገሩ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ለማስታወሻ የሚሆን ክፍት ቦታ። ሁለት ስም ሰጥታችሁት ሲቆጥር ግማሽ ሰዓት ያህል ያጉረመርማል፤ የሙሽራና የሙሽሪት ወገን ወጥተው ሻይ ጠጥተው ይመለሳሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ማጉረምረሙ ወደ ማቃሰት ተለወጠና መሣሪያው እንደማይቆይ ገባኝ። በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ያለ ወዳጄ ዊንዶውስ የተጫነበት ያገለገለ ኮምፒዩተር አገኘልኝ። ፕሮግራሙን በአዲሱ ላይ እንደገና ጻፍኩት። ስሞቹ ግን አልሻገርም አሉ። እኔ የሠራኋቸውን ፊደላት አዲሱ ማሽን አያውቃቸውም፤ የመሪጌታን አገር ሰው በሙሉ ቀንድና ጅራት ያለው ነጠብጣብ አድርጎ አሳየኝ። የቀረው መንገድ አንድ ነበር፤ ሁለቱን ማሽኖች ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ እኔ ከአሮጌው ላነብ፣ ጥሩወርቅ በአዲሱ ላይ ልትጽፍ።

አሠራሩን ያስተማሩን መሪጌታ ናቸው፤ ብራና ሲገለበጥ ያዩት ሥርዓት ነው። አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይጽፋል፤ የጻፈው ሰው የጻፈውን ቃል በቃል መልሶ ይጠራል። «ካልተጠራ አልተጻፈም» ይሉ ነበር። ሁለት ቀን እንዲሁ ሠራንና አልገፋ ቢለን እኔ አሳጠርኩት። «ስሙን አትድገሚው፤ ‹ጻፍኩ› በይኝ፣ ይበቃል» አልኳት። ከዚያ በኋላ ወራት ሙሉ በዚያች ክፍል ውስጥ የሚሰማው የእኔ ንባብና የእሷ «ጻፍኩ» ነበር። ጎረቤታችን ካሴት ሻጩ «እናንተ ሰዎች ዳዊት ነው እንዴ የምትደግሙት?» ይለን ነበር። እኔ አነብባለሁ እንጂ አልሰማም፤ እንደ ቄስ ለምዶብኝ ስሙ ከዓይኔ ወደ አፌ ብቻ ያልፋል። እሷ ግን ትሰማ ነበር። «ይቺ ሴትዮ ሦስት ባል ቀብራለች፣ ምስኪን» ትላለች፤ «ይኼ ሰውዬ ልጆቹን ሁሉ በአንድ ስም ነው እንዴ የሚጠራቸው?» ትላለች። እኔ «ቀጥዪ» እላለሁ። መቼ እንደሆነ አላውቅም፣ ከእነዚያ ስሞች መካከል በአንዱና በሌላው መሀል፣ «ጻፍኩ» የምትለዋን ድምፅ ለመስማት ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ወደድኳት። ነገሩን አላወሳስበውም፤ ወደድኳት።

ማሻገሩ ሲያልቅ ሙከራ ያስፈልግ ነበር። የብዙ ሰው ስም ሞክረን ከጨረስን በኋላ፣ ከአንድ ሳምንት በላይ ያሰብኩበትን ቃል እንደ ቀልድ አወጣሁት። «እስቲ ለሙከራ ያህል የእኔንና የአንቺን እናስገባ።» ሰው ጋብቻ በዚህ ዓይነት ይጠይቃል? እኔ የጠየቅሁት እንዲህ ነው። የሁለታችንም ወገን በመሪጌታ መዝገብ ውስጥ አለ። ጥሩወርቅ ጓንቷን አወለቀች፤ የሁለታችንንም ስም በራሷ እጅ ጻፈች። አዲሱ ማሽን ግማሽ ሰዓት አያስጠብቅም፤ ቁልፉን ተጭና እጇን ሳታነሣ «እስከ ሰባት ቤት ዝምድና አልተገኘም» የሚል ወጣ። ሁለታችንም ሰሌዳውን አየን። «እንግዲህ ማሽኑ ብሏል» አለች፤ ፊቷ ቀልቶ ወደ መስኮቱ ዞረች። በማግስቱ እናቴን አናገርኩ። እናቴ የራሷን ወገን ከአራት ቤት በላይ አታውቅም ነበርና «መሪጌታ ይሁን ካሉ ይሁን፤ ሽማግሌ እንልካለን» አለችኝ።

እዚህ ላይ ልተወው የምችል ሰው ብሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፈውም ነበር። ግን እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። የተሻገረ ፕሮግራም የሚታመነው አሮጌው የሚሰጠውን መልስ አዲሱም ሲሰጥ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በአዲሱ ላይ የሞከርነውን ሁሉ አንድ በአንድ በአሮጌው ደገምኩት። የሌሎቹ ሁሉ ገጠመ። የእኔና የጥሩወርቅ ሲደርስ አሮጌው ማሽን ግማሽ ሰዓቱን አቃስቶ «ስድስት ቤት። መገናኛ፦ ተክሌ፣ ጎረቤላ» አለ። እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ ልቤ የሄደው ወደ እሷ አልነበረም። «አዲሱ ፕሮግራሜ ስህተት አለበት!» ነው ያልኩት። ሦስት ቀን እንቅልፍም ምግብም አጣሁ። የጻፍኩትን ትእዛዝ በሙሉ በወረቀት አትሜ መስመር በመስመር ፈተሽኩት፤ ምንም የለበትም። በሦስተኛው ቀን ስሞቹን መቁጠር ትዝ አለኝና ቆጠርኩ። አዲሱ ከአሮጌው በአንድ ሰው ያንሳል። ጎረቤላን ለየሁና ፈለግሁ፤ ያነሰችው ወለላ የምትባል፣ የተክሌ ልጅ ናት። እኔ ከተክሌ ወንድ ልጅ እወርዳለሁ፤ ጥሩወርቅ ደግሞ ከወለላ። የወለላ መስመር ከሌለ የጥሩወርቅ ግንድ እዚያው ላይ ይቆረጣል፤ ተክሌ ጋ አይደርስም።

መስመሯን መልሼ አስገባሁና ሁለቱ ማሽኖች አንድ ዓይነት መልስ ሰጡ። ደስታዬን ምን ብዬ ልንገራችሁ! ዕለቱ ቅዳሜ ነበር፤ መሪጌታ ከአንኮበር መጥተው አግዳሚው ላይ ጋቢያቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል፤ ጥሩወርቅ የሰው ማመልከቻ ትጽፋለች። እኔ ከወንበሬ ተነሥቼ «አገኘሁት! አገኘሁት! አንዲት መስመር ተዘልላ ነው!» ብዬ ጮኽኩ።

መሪጌታ «የማን መስመር?» አሉ።

«የወለላ፤ የጎረቤላው የተክሌ ልጅ። እሷ ስትገባ የእኔና የጥሩወርቅ ስድስት ቤት ሆኖ ቁጭ አለ። ልክ እንደ አሮጌው!»

ይህን ብዬ ጨርሼ ነው የሰማሁት፤ እኔም እንደማንኛውም አድማጭ ከአፌ ሰማሁት። የታይፑ ድምፅ ቆመ። ካሴት ቤቱ ውስጥ ያ የላላ ክር ይዞራል። መሪጌታ መቋሚያቸውን ከግድግዳው አንሥተው ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት።

«ልጄ፣ እኔ ያልሰማሁትን አልፈርድም ነበር» አሉኝ። «ወለላ የተመዘገበችበት ደብተር እኔም ዘንድ ነበር፤ ዓይኔ ደክሞ ከገለጥኩት ቆይቷል። አሁን ግን ሰማሁ። አንድ ቤት ጎደላችሁ፤ ምን ላድርግ?»

ጥሩወርቅ «ጎበዝ፤ ፈልገህ አታጣም» አለችኝና ወደ ማመልከቻዋ ተመለሰች። ሽማግሌ ሳይላክ ቀረ። ሁለት ወር ያህል አብረን ሠራን፤ ከዚያ አረርቲ በአንድ መሥሪያ ቤት የጸሐፊነት ሥራ አግኝታ ሄደች፤ እዚያው አገባች። እኔም ጊዜዬን ጠብቄ አግብቻለሁ፤ ከባለቤቴ ጋር በየትኛውም ማሽን ብንቆጠር ሰባት ቤት ሞልቶ ይተርፋል፤ ኑሯችንም መልካም ነው። መሪጌታ ካረፉ ቆዩ። መዝገባቸው ግን ሲሠራ ኖረ፤ የስንቱን ሠርግ አጸና፣ የስንቱን አስቀረ። እኔ የምኮራበት ነገር ቢኖር ከዚያች መስመር ወዲህ አንድም ስህተት ያልተገኘበት መሆኑ ነው። ይህን ስል እንደኖርኩ ልብ በሉልኝ።

መነጽራችንን ተቀብለን ስንወጣ ሻይ ልጋብዛት ማዶ ካለው ቤት ገባን። የሻዩን ዋጋ አይተን ሁለታችንም «ሃምሳ ሳንቲም» ብለን ሳቅን። አዲሱን መነጽሯን አድርጋ ፊቴን እንደ ጽሑፍ አነበበችው።

«ያቺን የወለላን መስመር ታስታውሳታለህ?» አለችኝ።

«እንዴት እረሳታለሁ? ሦስት ቀን ፈጅታብኛለች።»

«ደክሞኝ የዘለልኳት መሰለህ?»

መነጽሬን አስተካከልኩና አየኋት።

«አያቴ ሁልጊዜ ስሟን ስትጠራ ነው ያደግሁት። ‹እኛ የወለላ ልጆች ነን› ትል ነበር። አባቷ ማን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። የአንተን ወገን ደግሞ የወለላ መስመር ከመድረሱ ከሳምንት በፊት አንብበህልኝ ጽፌው ነበር፤ ከተክሌ ጀምሮ እስከ አንተ። በኋላ አንተ ‹ወለላ፣ አባቷ ተክሌ፣ አገሯ ጎረቤላ› ብለህ ስታነብ ጣቴ ቆመ። ቀና ብዬ አየሁህ። አንተ ጭራሽ አልሰማኸውም። ‹ጻፍኩ› አልኩህ። አንተም ቀጠልክ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ትጽፈው ነበራ!»

«አዎ» አልኩ፣ «እጽፈው ነበር።»

«አውቃለሁ እኮ። አልተቀየምኩህም፤ ተቀይሜም ከሆነ አልፏል። ልጆች አሉኝ፤ ሰውዬው ደግ ነው።» ስኳሩን እያማሰለች «አንተ ግን ለእያንዳንዱ ነገር ማስታወሻ መጻፍ ትወድ ነበር። ያን ዕለት መስመሯ ላይ ምን ብለህ ጻፍክ?» አለችኝ።

አፈርኩ። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «‹በጽሕፈት ስህተት ተዘልላ የነበረች፤ ተስተካክሏል› ብዬ ነው።»

ስኒዋን አስቀመጠች። «የጽሕፈት ስህተት? እኔ?» አለች፤ ከልቧ ነው የከፋት። «ያን ሁሉ ሺህ ስም ስጽፍልህ አንድ ፊደል ስቻለሁ? መሪጌታ እንኳ ‹እጇ ይባረክ› ያሉኝን ሰው! ሌላውን ሁሉ ተወው፤ ይህችን ግን ባትጽፍብኝ ደስ ይለኝ ነበር።»

ወደ መናኸሪያው ሸኘኋት። መንገዱ ዛሬ ኮብልስቶን ነው፤ ክፍላችን የነበረችበት ቦታ ላይ ፎቅ ቆሞ ከታች ሞባይል ይሸጥበታል፤ እዚያ ስንደርስ ሁለታችንም ቀና አላልንም። የአረርቲው መኪና ሲንቀሳቀስ በመስኮት እጇን አወጣች። ብርዱ ያው የድሮው ነው። በዚህ ዕድሜዬ በሕዝብ መሀል ቆሜ ዓይኔን በአዲስ መነጽር ሥር ጠረግሁ። ለሠላሳ ዓመት ያህል አንዲት ሴት እኔን ለማግኘት ስትል ያደረገችውን ነገር ስህተት ብዬ መዝግቤ፣ ያንኑም ከአንድ ማሽን ወደ ሌላው ሳሻግር ኖሬያለሁ።

ቤት ገብቼ ሊኑክስ የጫንኩበትን ኮምፒዩተር ከፈትኩ። ዛሬ ማሻገር ቀላል ሆኗል፤ አንባቢም ጸሐፊም አያስፈልግም፤ ስሞቹ ከነማስታወሻቸው በቅጽበት ሄደው ተደርድረዋል። ጎረቤላን ፈለግሁ፤ ወለላ አለች፣ አባቷ ተክሌ። መስመሯን አልነካሁም፤ እውነት ናት። ማስታወሻው ላይ ግን «በጽሕፈት ስህተት» የሚለውን አጠፋሁና በቦታው ሌላ አስገባሁ። አሁን «ጸሐፊዋ አውቃ የዘለለቻት፤ አንባቢው ሳይሰማ መልሶ ያስገባት» ይላል። ከዚያ ብቻዬን በተቀመጥኩበት፣ እንደ መሪጌታ ሥርዓት ቃሉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ድምፄን ከፍ አድርጌ መልሼ ጠራሁትና «ጻፍኩ» አልኩ።